የሕፃናት የቫይረስ ተቅማጥ ወረርሽኝ ምርመራና የውኃ መሐንዲሱ ድርሻ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ የሐኪም እንጂ የመሐንዲስ አይመስልም። ሆኖም በአንድ ከተማ የሕፃናት ተቅማጥና ትውከት በድንገት ሲበዛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ውኃው ምን ሆነ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ የሚገባው ውኃውን የሚያመርተው፣ የሚያከፋፍለውና የሚቆጣጠረው ባለሙያ ነው። መልሳችን «መርምረነዋል፣ ንጹሕ ነው» በማለት ብቻ ከተወሰነ ምርመራው እዚያው ላይ ይቆማል። በልማድ «መቼም ውኃው ይሆናል» ካልንም ምርመራው መንገድ ይስታል። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ከሁለቱ አንዱም ያለ ማስረጃ እንዳይነገር ሙያችን ምን ሊያበረክት እንደሚችል ነው።

ለአብነት የምወስደው ቡልቡላን ነው። ቡልቡላ በምሥራቅ ሸዋ፣ በአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባቱ ወይም ከዝዋይ በስተ ደቡብ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን የምትጋራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ አብያታ ይፈስሳል። በአካባቢዋም የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቋቁሟል። ቡልቡላን የመረጥሁት በዚያ ስለ ደረሰ አንድ የተለየ ወረርሽኝ ለመናገር አይደለም፤ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚታየው የውኃ ጣጣ በእርሷ ዘንድ ተጠቃሎ ስለሚገኝ ነው።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሕፃናትን ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው ከባድ ተቅማጥ በአመዛኙ መንስኤው ሳይታወቅ ይቀር ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. አልበርት ካፒኪያን የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ በ1968 ኖርዎክ በምትባል የኦሃዮ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ከተነሣው ወረርሽኝ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ዛሬ ኖሮቫይረስ የምንለውን አዩ። በተከታዩ ዓመት በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፣ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው ከታመሙ ሕፃናት አንጀት የተወሰደውን ሥጋ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ መንኰራኩር የሚመስል ቫይረስ አገኙ። በላቲን ቋንቋ ሮታ መንኰራኩር ማለት ስለሆነ ሮታቫይረስ ተባለ። ኋላም አስትሮቫይረስና አንጀትን የሚያጠቁ የአዴኖቫይረስ ዓይነቶች በዝርዝሩ ተጨመሩ።

አገራችንም በዚህ ጥናት ወደ ኋላ አልቀረችም። ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር በመሆን በአዲስ አበባ ሕፃናት ላይ ያካሄዱት ጥናት በ1981 እ.ኤ.አ. በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ታትሟል፤ ጥናቱ ሮታቫይረስና መርዝ አመንጪ ባክቴሪያዎች ከወቅት ወደ ወቅት እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚሉ የመረመረ ነበር። ከ2007 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በሆስፒታሎች በተደረገው ክትትልም በተቅማጥ ምክንያት ከታከሙት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ከአምስቱ በአንዱ ያህል ሮታቫይረስ ተገኝቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በሮታቫይረስ ከሞቱት ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት የአምስት አገሮች ልጆች እንደ ነበሩ የተገመተ ሲሆን፣ ከአምስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የሮታቫይረስ ክትባት በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር የገባው በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለውኃ ሰዎች የማይጥም እውነት አለ። ከክትባቱ መምጣት በፊት ውኃቸው እጅግ በተጣራላቸው የበለጸጉ አገሮችም ቢሆን ሕፃናት ሁሉ ለማለት ይቻላል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው በሮታቫይረስ ይያዙ ነበር። ቫይረሱ በጣም በጥቂት መጠን ያሲዛል፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጨርቅ ወደ አፍ፣ ከመጫወቻ ወደ ሌላ ልጅ ይሸጋገራል። ስለዚህ የቧንቧ ውኃ ባስገባን ማግስት ይህ በሽታ ይጠፋል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባንም። የኛ ድርሻ ሌላ ነው፤ ውኃው መንገድ በሆነ ጊዜ ያን መንገድ ለይቶ ማሳየትና መዝጋት ነው። ለዚህም ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምርመራው የሚጀምረው ማን «ታማሚ» እንደሚባል በመወሰን ነው። ለምሳሌ «ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ፣ በቡልቡላ ከተማ የሚኖር፣ ከዚህ ቀን ወዲህ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ያስቀመጠው ሕፃን» ተብሎ ይወሰናል። ይህ ቀላል ቢመስልም በእኛ አገር አንድ መሰናክል አለው። ሮታቫይረስ አብዝቶ የሚያጠቃው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያሉትን ሲሆን፣ ይህ ዕድሜ ጥርስ የሚበቅልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ብዙ እናት «ልጄ ታሞብኛል» ሳይሆን «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ትላለች፤ አንዳንዱም ልጁን እንጥል ለማስቆረጥ ወይም ድዱን ለማስነቀስ ይወስደዋል። መርማሪው «በሽተኛ አለ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ «የለም» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ቤት ለቤት ሲዞር «በዚህ ሳምንት ሆዱ የተላቀቀ ወይም ያስመለሰው ልጅ አለ ወይ?» ብሎ፣ ያውም በእናትየዋ ቋንቋ ሊጠይቅ ይገባል። በቡልቡላ ይህ ማለት በአብዛኛው በኦሮምኛ መጠየቅ ማለት ነው። በዚህ ረገድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የሚተካ የለም፤ ቤቱንም፣ እናቲቱንም፣ ልጁንም ታውቃለችና።

ሁለተኛው ሥራ ስም ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱ ሕፃን ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ትውከትና ትኩሳት መኖር አለመኖሩ፣ ክትባት የወሰደባቸው ቀኖች ከካርዱ፣ ጡት መጥባቱ ወይም ጡጦ መጠቀሙ፣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳና በምን እንደሚቀመጥ በአንድ መስመር ይጻፋል። ከዚያ ታማሚዎቹ በጀመራቸው ቀን ተራ በስንጠረዥ ይደረደራሉ። ይህ ስንጠረዥ ብዙ ይናገራል። ሮታቫይረስ ከገባ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ፣ ኖሮቫይረስ ደግሞ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሕመሙን ያሳያል። ታማሚዎቹ ለብዙ ሳምንታት ጥቂት በጥቂት የሚጨምሩ፣ ሁሉም ሕፃናት የሆኑ፣ በከተማው ሁሉ የተበተኑ ከሆነ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። በአንጻሩ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ቁጥራቸው በድንገት ከፍ ካለ፣ ከሕፃናቱ ጋር ታላላቆቻቸውና ወላጆቻቸውም ከታመሙ፣ ቤቶቻቸውም በአንድ የቧንቧ መስመር ላይ ከሰፈሩ፣ የጋራ ምንጭ አለ ማለት ነው።

ለዚህ ሁለተኛው ሁኔታ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በመጋቢት 1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮሎራዶ፣ ኢግል ቬይል በተባለች ሥፍራ የደረሰው ወረርሽኝ ነው። ከተጠየቁት 128 ነዋሪዎች 44 በመቶው ታመው ነበር። ብዙ የቧንቧ ውኃ የጠጣ ይበልጥ ታሟል፤ የክሎሪን መጨመሪያው መሣሪያም ተበላሽቶ ተገኝቷል። መንስኤው ሮታቫይረስ ስለመሆኑ ማስረጃ ተገኘ። የሕፃናት በሽታ የምንለው ሮታቫይረስ በውኃ ሲመጣ ዐዋቂውንም ያገኘዋል ማለት ነው። የዐዋቂዎች መታመም ስለዚህ ለመርማሪው እንደ ምልክት የሚያገለግል ነው።

ሦስተኛው ሥራ ማነጻጸር ነው። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። «የታመሙት 30 ሕፃናት ሁሉ የቦኖ ውኃ ጠጥተዋል» የሚል ዘገባ ምንም አያስረዳም፤ ያልታመሙትም የቦኖ ውኃ ጠጥተዋልና። በእነዚያው ሰፈሮች የሚኖሩ፣ በዕድሜ የሚመሳሰሉ ጤነኛ ሕፃናትም መጠየቅ አለባቸው። እንበልና ከታመሙት 30 ሕፃናት 24ቱ፣ ማለትም 80 በመቶው፣ ከአንድ የተወሰነ መስመር የሚቀዱ ሆኑ፤ ከጤነኞቹ 60 ሕፃናት ግን በዚያ መስመር የሚጠቀሙት 18ቱ፣ ማለትም 30 በመቶው ብቻ ሆኑ። አሁን ጥርጣሬው እግር አገኘ። የትኛው ቤት በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ፣ መስመሩ ከየትኛው ታንከር እንደሚወርድ፣ የትኛው ቫልቭ መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቀው ደግሞ መሐንዲሱ ነው። የቧንቧ መረቡ ካርታ በመርማሪው እጅ ከሌለ ይህ ልዩነት አይታይም።

የላቦራቶሪው ማስረጃ አራተኛው ነው። ሰገራው በሕመሙ የመጀመሪያ ቀኖች በንጹሕ ዕቃ ተወስዶ፣ በቅዝቃዜ ተጠብቆ፣ ምርመራውን ወደሚያካሂደው ላቦራቶሪ መላክ ይኖርበታል። ውጤቱ እስኪደርስ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። በ1982 እ.ኤ.አ. ካፕላንና ባልደረቦቻቸው ላቦራቶሪ በሌለበት የኖሮቫይረስን ወረርሽኝ ለመጠርጠር የሚረዱ ምልክቶችን ለይተው አውጥተዋል፤ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ ማስመለስ፣ ሕመሙ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መጀመር፣ ከ12 እስከ 60 ሰዓት ቆይቶ መተው፣ በሰገራም ባክቴሪያ አለመገኘት። እነዚህ ነገሮች በጥያቄ ብቻ ሊሰበሰቡ የሚችሉ ናቸው፤ የመጨረሻው ብቻ ላቦራቶሪ ይሻል።

አሁን ወደ ራሳችን መስክ እንግባ። የውኃ ናሙና ወስደን «ኢ. ኮላይ አልተገኘም» የሚል ወረቀት ስንጽፍ ምን ማለታችን ነው? ኢ. ኮላይ ሰገራ ወደ ውኃው መግባቱን የሚጠቁም ባክቴሪያ ነው። በክሎሪን በቀላሉ ይሞታል። የአንጀት ቫይረሶች በአጠቃላይ ከእርሱ ይልቅ ክሎሪንን ይቋቋማሉ። በመጠንም ሲታይ ሮታቫይረስ ከ70 እስከ 100 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ ባክቴሪያ የሚያስቀረው ማጣሪያ ሁሉ እርሱን ያስቀራል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከዚህም ሌላ፣ እኛ ናሙና የምንወስደው ሕፃናቱ ከታመሙ በኋላ ነው፤ የታመሙበት ውኃ ግን ከሁለት ቀን በፊት ፈስሶ አልፏል። ስለዚህ የኢ. ኮላይ አለመገኘት መልካም ዜና ይሁን እንጂ ውኃውን ነጻ የሚያወጣ የምስክር ወረቀት አይደለም።

የክሎሪንም ነገር በስምጥ ሸለቆ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ውኃው ከክሎሪን ጋር ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቆይቶ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን እንዲተርፈው፣ የፒ.ኤች. መጠኑም ከ8 በታች እንዲሆን ይጠይቃል። የአካባቢያችን ውኃ ግን በብዙ ሥፍራ የሶዳ ጠባይ አለው። ፒ.ኤች. 7.5 ሲሆን ከነጻው ክሎሪን ኃይለኛው ክፍል ግማሽ ያህል ነው፤ ፒ.ኤች. 8.5 ሲደርስ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ይቀራል። መለኪያው ያው 0.5 ያሳያል፤ የመግደል ኃይሉ ግን አንድ አይደለም። ውኃው ድፍርስ ከሆነ ደግሞ ቫይረሱ በደለሉ ውስጥ ይሸሸጋል። ፒ.ኤች.ን፣ ድፍርስነትንና የቆይታ ጊዜን ሳይጽፍ የክሎሪንን ቁጥር ብቻ የሚጽፍ መዝገብ ስለዚህ ጎዶሎ መዝገብ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ትልቁ ጉዳይ የፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጥልቅ ጉድጓዶች ለመጠጥ ውኃ ከተመከረው በሊትር 1.5 ሚሊግራም የሚበልጥ ፍሎራይድ አላቸው፤ የሚያስከትለውን የጥርስ መበለዝና የአጥንት ጉዳት ሁላችንም በዓይናችን እናያለን። በዚህ ምክንያት ከጉድጓድ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ውኃ መዞር ተገቢ መፍትሔ ሆኖ ቆይቷል፤ አዳማ ከአዋሽ የተጣራ ውኃ መጠጣቷ ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ጥልቅ ጉድጓድ በፍሎራይድ ቢጎዳም ከሰገራ ርቆ ይገኛል። የወንዝ ውኃ ፍሎራይዱ ቢያንስም የላይኛውን አገር ሰውና ከብት ሁሉ እዳሪ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የውኃ ምንጭን ስንለውጥ ጥርስን አድነን አንጀትን ለአደጋ እንዳንዳርግ የማጣራቱና የክሎሪኑ ሥራ ለአንድ ቀን እንኳ የማይቋረጥ መሆን አለበት። በፕሮጀክት ጥናት ላይ ፍሎራይዱን በአንድ ዓምድ፣ የቫይረሱን አደጋ በሌላ ዓምድ አስቀምጠን ሁለቱን አብረን ልንመዝናቸው ይገባል።

መቋረጥን ካነሣሁ አይቀር፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እናስታውስ። ፓምፑ ይቆማል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ በመጋጠሚያዎች በኩል ወደ ውጭ ያንጠባጥብ የነበረው መስመር አሁን በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ቦዩ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓዱ ቅርብ ከሆነ የገባው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ውኃው ሲመለስ በመጀመሪያ የሚቀዳው ይኸው ነው። ሰው ደግሞ ውኃ ተቋርጦበት ስለ ሰነበተ ያገኘውን ሁሉ በጀሪካንና በሮቶ ይሞላል፤ ያላገኘውም ከጋሪ ይገዛል። በጀሪካን ውስጥ ክሎሪን በየሰዓቱ ይቀንሳል፤ ጽዋ የያዘ እጅም ይገባበታል። ስለዚህ መርማሪው ናሙና መውሰድ ያለበት ከታንከሩ ብቻ ሳይሆን ከቦኖው፣ ከጋሪውና ሕፃኑ ከሚጠጣበት ዕቃ ጭምር ነው። እንደ ውኃ አጋር ያሉ የቤት ውስጥ ማከሚያዎችም በሥርዓቱ ጥቅም ላይ መዋላቸው መጠየቅ አለበት።

ስለ ክትባቱ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ምክንያቱም በወረርሽኝ ጊዜ የሚነሣ አደገኛ ወሬ አለ። «ከታመሙት የሚበዙት የተከተቡ ናቸው፤ እንግዲያው ክትባቱ አይሠራም» ይባላል። በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ጥናት ክትባቱ ከባድ የሮታቫይረስ ተቅማጥን በማላዊ 49 በመቶ፣ በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ ያህል ቀንሷል። ዝቅተኛውን ወስደን እናስላ። ከ1,000 ሕፃናት 900ው ተከትበዋል እንበል። ካልተከተቡት 100 ሕፃናት 20ው ቢታመሙ፣ ክትባቱ አደጋውን በግማሽ ስለሚቀንሰው ከተከተቡት 900 ሕፃናት 90ው ይታመማሉ። ከ110 ታማሚዎች 90ው የተከተቡ ሆኑ ማለት ነው። ሆኖም ክትባቱ ባይኖር ኖሮ የሚታመሙት 200 ይሆኑ ነበር። 90 ሕፃናት ድነዋል፤ የዳኑት ግን በስም ዝርዝሩ ላይ አይታዩም። ሂሳብ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለሕዝቡ በግልጽ ማስረዳት አለብን።

ምርመራው ሲካሄድ ሕክምናው መጠበቅ እንደሌለበት ግልጽ ነው። ሕፃን የሚሞተው በቫይረሱ ስም ሳይሆን በፈሳሽ እጦት ነው፤ ያውም በሰዓታት ውስጥ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በልኩ ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ መስጠት፣ ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን መስጠት፣ ጡት ማጥባትን አለማቋረጥ፣ ዓይኑ የጎደጎደውን ወይም መጠጣት ያቃተውን ሕፃን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በቦትስዋና ከከባድ ዝናብ በኋላ በተነሣው የተቅማጥ ወረርሽኝ ከ500 በላይ ሕፃናት ሲሞቱ ምርመራው ያሳየው ከሁሉ የበለጠ የተጋለጡት ጡት የማይጠቡት መሆናቸውን ነበር። ውኃው ሲበላሽ ጡት አጋች ግድብ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ማኅበራችን ምን ያድርግ? የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በእያንዳንዱ የፓምፕ ቤት አንድ የቀን መዝገብ ይኑር። በመዝገቡም ፓምፑ የቆመበትና የተነሣበት ሰዓት፣ የተጨመረው ክሎሪን፣ በታንከሩና በመጨረሻው ቦኖ ላይ የተገኘው ነጻ ክሎሪን፣ ፒ.ኤች.፣ ድፍርስነት፣ የተጠገነ ቧንቧና የተዘጋ መስመር ከነሰፈሩ ይጻፍ። በጤና ጣቢያውም የሕፃናት ተቅማጥ ከነቀኑና ከነሰፈሩ ይመዝገብ። ሁለቱ መዝገቦች በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይከፈቱ። ሰኞ ክሎሪን የተቋረጠበት መስመር ረቡዕና ሐሙስ ታማሚ ካበዛ፣ የላቦራቶሪው መልስ እስኪመጣ ሳንጠብቅ ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን። ያ መስመር ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሕፃናት ከታመሙም፣ ጊዜና ገንዘብ በቧንቧው ላይ ሳናባክን ወደ እጅ መታጠብና ወደ ክትባት ፊታችንን እናዞራለን። ለመሐንዲሱ ሁለቱም ውጤቶች እኩል ዋጋ አላቸው።

ባልደረቦቼ፤ ቫይረሱን በዓይናችን ማየት አንችልም፤ ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና ፓምፑ የቆመበትን ሰዓት ግን መጻፍ እንችላለን። መጻፉ የሚጠቅመው ደግሞ ወረርሽኙ ሳይመጣ በፊት ሲጀመር ነው፤ ሕፃናት ከታመሙ በኋላ የሚከፈት መዝገብ ያለፈውን ሳምንት ሊያስታውስ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዳችን በምንሠራበት ከተማ ይህን መዝገብ እናስጀምር፤ በሚቀጥለው ጉባኤያችንም የየከተሞቻችንን ገጾች ይዘን እንድንገናኝ በአክብሮት አሳስባለሁ።